በአፈ ጉባኤው ሥዕል ላይ የተጨመረው ማኅተም

እጁን ለሐሰት ያከራየ ሰው አንደበቱን ካከራየው ይልቅ ይበድላል። የተነገረ ሐሰት ሰሚው ሲረሳው ይጠፋል፤ የተሠራ ሐሰት ግን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሠሪው ተኝቶ ሳለ እንኳ ምስክርነቱን ይሰጣል። ሠሪው ቢጸጸትም መልሶ ሊጠራው አይችልም፤ ከእጁ የወጣው ሥራ ከጸጸቱ ቀድሞ ደርሷልና። የጥፋት ዓመት በተባለው በ1672 በሜርዳይክ ከተማ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል።

በየቅዳሜው የከተማውን አዳራሽ የምታጥበው ማክተልድ ዲርክስ በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ አንጠልጥላ የድንጋይ ደረጃውን ስትወጣ፣ አናጢዎቹ በአደባባዩ መካከል የፍርድ መድረኩን የመጨረሻ ሳንቃ እየመቱ ነበር። በአንዱ ባልዲ ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው በአመድ ውሃ የተበጠበጠ ሳሙና ይዛለች። ከኋላዋ አደባባዩ ከማለዳ ጀምሮ በሰው ተሞልቷል። ዓሣ ሻጮች ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በሽንኩርት እየከተፉ ይሸጣሉ፤ ሴቶች ከቤታቸው በርጩማ አምጥተው ከመድረኩ ፊት ለፊት ቦታ ይዘዋል። እኩለ ቀን ሲሆን የሞት ደወል ይደወላል፤ ከዚያም አፈ ጉባኤው አርናውት ቫን ደር ሃር ከበሩ ግንብ ወጥቶ በሰይፍ ይቀጣል።

አርናውት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሄግ በሚቀመጠው ታላቅ ጉባኤ የሜርዳይክ ወኪል ሆኖ የተናገረ ሰው ነበር። በሰኔ የፈረንሳይ ንጉሥ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ሦስት አውራጃ በያዘ ጊዜ አገሪቱ ግድቦቿን በገዛ እጇ ቆርጣ ማሳዋን በውሃ አጥለቀለቀች። ውሃው ጠላትን አቆመ፤ የሕዝቡን ፍርሃት ግን ሊያቆም አልቻለም። ከብቱ የሰመጠበት ገበሬ፣ ጀልባው የተወረሰበት ነጋዴ፣ ሁሉም የሚከሰስ ሰው ፈለገ። አርናውት ቀደም ሲል ከፈረንሳይ ጋር ድርድር ይሻላል ብሎ መክሮ ስለ ነበር ጣት ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። ቤቱ ተፈተሸ፤ አንድም የክህደት ወረቀት አልተገኘም።

በዚህ ጊዜ የከተማው ዋና ጸሐፊ ሄይስበርት ተር ፌን፣ የአፈ ጉባኤነቱን ወንበር ለዓመታት ሲመኝ የኖረው ሰው፣ ዳኞቹን በምክር ቤቱ ክፍል ወደ ተሰቀለው ሥዕል መራቸው። ሥዕሉ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ አሁን በሕይወት የሌለ ሠዓሊ በዘይት ቀለም የሠራው፣ አርናውትን በቁመቱ ልክ የሚያሳይ ነው። በቀኝ እጁ የታጠፈ ደብዳቤ ይዟል፤ በደብዳቤውም ላይ ቀይ ማኅተም፣ በማኅተሙም ላይ ሦስት የሊሊ አበባዎች፣ ማለት የፈረንሳይ ንጉሥ ምልክት፣ ታዩ። አርናውት፣ «ያ ደብዳቤ ባዶ ነበር፤ ሠዓሊው ለዓይን ማረፊያ ብሎ ነጭ አድርጎ ተወው» አለ። የሟቹ ሠዓሊ ደቀ መዝሙር የነበረው ሃርመን ስሎይተር ግን ሁለት ጣቶቹን ወደ ላይ አንሥቶ፣ መምህሩ ማኅተሙን ሲስል በዓይኑ ማየቱን በእግዚአብሔር ስም ማለ። በማለበት በሐሙስ ዕለት ስድስት ዘቦች ሥዕሉን ተሸክመው ከደረጃው አናት ለሕዝብ አሳዩት። ዓርብ ፍርዱ ተነበበ።

ማክተልድ ሐሙስ ዕለት ከሰው ጀርባ ቆማ ከባርኔጣዎች በላይ ያየችው የሥዕሉን ግንባር ብቻ ነበር። ነገር ግን አንድ የሚከነክናት ጉዳይ ነበረ። ከሦስት ቅዳሜ በፊት ዋና ጸሐፊው፣ «ከእንግዲህ ሥዕሉን አትንኪ» ብሎ አዟት ነበር። በዚያው ሳምንት ሃርመን የሥዕሉን ፍሬም ያድሳል ተብሎ አራት ቀን በክፍሉ ተዘግቶ ሰነበተ፤ በበሩ ሥር የሚወጣውን፣ ሠዓሊዎች ቀለም የሚበጠብጡበትን የተልባ ዘይት ሽታ አሽትታለች። ፍሬም በተልባ ዘይት እንደማይታደስ ታውቃለች። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ በዚያ ወር ስለ አርናውት በጎ ቃል የተናገረ ሰው የቤቱ መስኮት በድንጋይ ይሰበር ነበርና። ይህም ዝምታ ኃጢአት ነው፤ እርሷም ኋላ እንደዚያ ብላ ጠርታዋለች።

በምክር ቤቱ ክፍል በር ሁለት ዘቦች ቆመዋል። አንደኛው በዚያ ቀን የዘብ ተራ የደረሰው ዳቦ ጋጋሪው ቴውኒስ ነው፤ ጠመንጃውን እንደ ምድጃ መቆስቆሻ ይዞታል።

«እትዬ ማክተልድ፣ ዛሬ እንኳ አታርፊም? ሰው የሚሰየፍበት ቀን እኮ ነው።»

«ቅዳሜ ነው፣ ቴውኒስ።»

«ዋና ጸሐፊው ማንም አይግባ ብለዋል።»

«እሳቸው ማንም አይግባ ይላሉ። ዳኞቹ በመስኮት ሊያዩ ሲመጡ ወለሉ ላይ የጭቃ እግር ካገኙ የሚጠሩት ግን እኔን ነው። ወይስ አንተ ታጥበዋለህ? አጥበህ የምታውቀው እንደ ሊጥ ማቡኪያህ ከሆነ ይቅርብን።»

ሌላው ዘብ በአፍንጫው ሳቀ።

«በዳቦዬ አትምጪብኝ» አለ ቴውኒስ። «ዱቄቱ ነው የረጠበው። ውሃው ከተለቀቀ ወዲህ ምን የሚደርቅ ነገር አለ? ሚስቴ ያሰጣችው አንሶላ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ረጠበ ነው።»

«እንግዲያስ በሩን ክፈትልኝ፤ እኔም ገና ብዙ የማደርቀው ወለል አለኝ።»

ከፈተላት። በሜርዳይክ የዳኛ ትእዛዝ ሊዘገይ ይችላል፤ የመኳንንት መልእክት ሊመለስ ይችላል፤ የቅዳሜን ባልዲ ግን ያገደ ሰው አልነበረም፤ ቴውኒስም የመጀመሪያው መሆን አልፈለገም። ተር ፌን ይህን ሊያውቅ በተገባው ነበር፤ በዚያው ከተማ ተወልዷልና። ነገር ግን በዕድሜው ባልዲ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ባልዲ የያዘችን ሴት አያያትም።

በክፍሉ ውስጥ ሃርመን ስሎይተር በሥዕሉ ፊት ቆሞ ነበር። ዋና ጸሐፊው ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን እንዲያይ ከማለዳ ልኮታል። አረንጓዴው የሐር መጋረጃ ወደ ጎን ተስቧል። የበሩን ድምፅ ሲሰማ ወደ ደብዳቤው ዘርግቶት የነበረውን ጣት ሰበሰበ።

ማክተልድ ባልዲዎቿን አስቀመጠች፤ ቀና ብላም አየች። አርናውት በጥቁር ልብሱና በሰፊው ነጭ አንገትጌው ቆሟል፤ ግራ እጁ ምንጣፍ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ አርፏል፤ ከግራ ዓይኑ በታች ያለው ኪንታሮት፣ ሠዓሊው ልሸፍነው ቢለው እምቢ ያለው፣ በቦታው ነው። በሕይወት ያለው አርናውት ቅዳሜ ቅዳሜ ማልዶ ሲመጣ፣ «ፊቱን በደንብ እሺው፤ ከሁለታችን የሚቆየው እሱ ነው» ይላት ነበር። እርሷም፣ «እሱማ ይሻላል ጌታዬ፤ ቢያንስ ጭቃ ጫማ ይዞ አይገባም» ትለው ነበር።

ዓይኗን ወደ ደብዳቤው አወረደች። በደብዳቤው ቀኝ ጠርዝ፣ በነጩ ቀለም ውስጥ፣ ከሠዓሊው ብሩሽ ወልቆ የደረቀ አንድ ጠጉር ነበር፤ ጫፉ ስለሚወጣ በየሳምንቱ ጨርቋን ይይዝባት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ጠጉር ተራግማለች። አሁን ጠጉሩ በነበረበት ቦታ ቀይ ማኅተም አለ።

«የታለ ጠጉሩ?» አለች።

«የምን ጠጉር?»

«ሃርመን፣ እኔን አትጠይቀኝ። ጨርቄን የሚይዘው ጠጉር።»

ሃርመን ከንፈሩን ላሰ። «እትዬ፣ ወለልሽን እጠቢና ሂጂ። ይሄ የአንቺ ነገር አይደለም።»

«ጠረጴዛውም የእኔ አይደለም፤ መስኮቱም የእኔ አይደለም። የማጥበው ግን እኔ ነኝ።» ጨርቋን ንጹሑ ውሃ ውስጥ ነከረች።

«አትንኪው አልኩሽ። ልጅ ሆኜ እዚህ ቀለም ስፈጭ ሾርባ የምታጎርሺኝ አንቺ አልነበርሽም? በእሱ ይዤሻለሁ፤ ተይው።»

«አጉርሼሃለሁ። የዚያን ጊዜ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላ ነበር። አሁን የት ተማርክ፣ እንዲህ ሳትቀላ መዋሸት?»

ሃርመን ወደ መስኮቱ ተመለከተ፤ ከታች የመዶሻው ድምፅ ቆሟል። «ዋና ጸሐፊው አዲሱን ምክር ቤት በሙሉ አንተ ትስላለህ አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አሥራ ሁለት ሰው፣ በአንድ ሸራ። እምቢ ካልኩ ደግሞ በካቶሊኮቹ ከተማ በአንትወርፕ ሠርቼ መምጣቴን ለሕዝቡ ይናገራል፤ ሕዝቡም ሰላይ ብሎ ይነሣብኛል። እኔ ምን ላድርግ? አፈ ጉባኤው ይታሰራሉ፣ ይባረራሉ አለኝ እንጂ ሰይፍ የሚባል ነገር አልነገረኝም። ሰይፍ እንደሆነ የሰማሁት ትናንት ከናንተ ጋር ነው።»

«ከማልክ በኋላ።»

«ከማልኩ በኋላ።»

ማክተልድ ጨርቁን ወደ ደብዳቤው አነሣች። ሃርመን እጇን ያዛት፤ እርሷም አየችው፤ ለቀቃት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኪንታሮቱን እንደምታሸው በቀስታ፣ ጠረገች። ጨርቁን ገለበጠችው፤ ጠርዙ ቀልቷል። ሃርመን ከሦስት ሳምንት በፊት በሠራው ጊዜ ስሌቱ ትክክል ነበር፤ በሌላ ሐምሌ ቢሆን ቀለሙ ይደርቅ ነበር። ነገር ግን አገሩ በሙሉ ውሃ ሆኗል፤ አየሩም እንደ ውሃ፤ ቀይ ቀለም ደግሞ ከቀለም ሁሉ ዘግይቶ የሚደርቅ ነው።

ሁሉንም ጠርጋ ማጥፋት እጇን አማራት። ተገታች። ብታጠፋው ሥዕሉን ያበላሸች ሴት ትባላለች፤ ማኅተሙም በሕዝቡ ዓይን ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

«ቴውኒስ!» ብላ ተጣራች። «ሰብሳቢ ዳኛውን ጥራልኝ። ማክተልድ በሥዕሉ ላይ የማይለቅ ቆሻሻ አገኘች በላቸው። ቶሎ።»

ሰብሳቢ ዳኛው ዮስት ኔይንበርግ ዕድሜው ሰባ የደረሰ፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ነበር። ጥቁር ካባውን ለሞት ፍርዱ ለብሶ ሳለ ነው የተጠራው። ከኋላው ዋና ጸሐፊው ተከትሎ ገባ። ማክተልድ ጨርቁን ዘርግታ አሳየች፤ ስለ ጠጉሩና ስለ ሦስቱ ቅዳሜዎችም ተናገረች።

ተር ፌን በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህች ሴት ሥዕሉን በአመድ ውሃ አሸችው። በአመድ ውሃ ከታሸ ማንኛውም ሥዕል ይለቃል። እንዲያውም ማስረጃ በማበላሸት መጠየቅ ይገባት ነበር።»

«ምን ያለ ውሃ ነው?» አለ ዳኛው ወደ እርሷ ዞሮ።

«ንጹሕ ውሃ ነው ጌታዬ። ግን እሳቸው አመድ ካሉ፣ በአመዱ ልሞክረው።»

«የትኛውን?»

«ፊቱን።»

ተር ፌን አንድ ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዳኛው እጁን አነሣበት። ማክተልድ ሌላ ጨርቅ በአመድ ውሃው ነከረች፤ የአርናውትን ግንባር፣ ጉንጭ፣ ኪንታሮቱን፣ የአፉን ጠርዝ በብርቱ አሸች። የጨርቁ ሱፍ ሲጮህ ይሰማ ነበር። ስትጨርስ ጨርቁን ለዳኛው ሰጠችው። የሦስት ሳምንት አቧራና ጥቀርሻ ነበረበት፤ ቀለም ግን አንዳች አልነበረበትም። በሸራው ላይ ያለው ፊትም ታጥቦ እንደ ተነሣ ሰው ጠርቶ ያያቸው ነበር።

ዮስት ኔይንበርግ ወደ ሥዕሉ ቀረበ። አውራ ጣቱን በማኅተሙ ላይ ጭኖ ሳበ። ሦስቱ የሊሊ አበባዎች ተዘበራረቁ፤ ከሥራቸው ነጩ ደብዳቤ ወጣ፤ ከነጩም ውስጥ አንድ አጭር ጠጉር ቀና አለ። ዳኛው አውራ ጣቱን አየ።

«ስሎይተር» አለ፤ ፊቱን ሳያዞር። «ሐሙስ ዕለት ሁለት ጣት አንሥተህ ነበር።»

ሃርመን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሥራው ብለው ያዘዙኝ ዋና ጸሐፊው ናቸው።»

«የሚለውን አታምኑትም መቼም» አለ ተር ፌን። ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር። «ፈርቶ ነው። የፈራ ሰው የሚለውን…»

«አንተ ዝም በል» አለ ዳኛው። ለሃያ ዓመት «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ሰው አንተ ማለቱ በክፍሉ ያሉትን ሁሉ አስደነገጠ። ቴውኒስን በተር ፌን ላይ አቆመው፤ ሌላውን ዘብ ደግሞ፣ «የሞት ደወሉ እንዳይደወል ንገር፤ ከዚያ ወደ በሩ ግንብ ሂድና እስረኛው እንዳይወጣ በል። በእኔ ቃል» ብሎ ላከው።

በቅን ሐሳብ የተሰጠው ይህ ትእዛዝ አርናውትን ገደለው።

የእኩለ ቀኑ ሰዓት ተቆጠረ፤ የሞት ደወሉ ግን ዝም አለ። ማክተልድ በመስኮቱ ቆማ ነበር። በአደባባዩ ላይ በመጀመሪያ ሰዎች ወደ ማማው ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ከዓሣ ሻጮቹ በኩል አንድ ድምፅ፣ «ሊያስመልጡት ነው» አለ። ሌላው ተቀበለው። በርጩማዎች ተገለበጡ። ዳኛው መስኮቱን ከፍቶ ጮኸ፤ ነገር ግን የሰባ ዓመት ሰው ድምፅ በሺህ ሰው ላይ ምን ያደርጋል? ቀዩን አውራ ጣቱን ወደ ውጭ ዘርግቶ እያሳያቸው ነበር፤ ያየው አልነበረም። ሕዝቡ ሐሙስ ዕለት ያየውን አይቶ ጨርሷል። ሥዕሉ የተናገረውን ሁሉ ተናግሮላቸው ነበርና ሌላ ምስክር አላስፈለጋቸውም።

የበሩን ግንብ መዝጊያ ለመድረኩ በመጣው ምሰሶ ሰበሩት። የተላከው ዘብ ወደ ውስጥ አልደረሰም። አርናውት ቫን ደር ሃር ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ለሰይፉ ተዘጋጅቶ፣ ጸሎቱን ጨርሶ ተቀምጦ ነበር። በደረጃው ላይ እየጎተቱ አወረዱት። ሰያፊው ያደርግ ከነበረው ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ማክተልድ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰችም፤ ጨርቁም በእጇ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂቶቹ ሥዕሉንም ሊያቃጥሉ ወደ አዳራሹ ወጡ። ዮስት ኔይንበርግ በሩ ላይ ቆሞ አላሳለፋቸውም፤ ነገር ግን መጋረጃውን ስቦ ደብዳቤውን አሳያቸው፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራቸው። ፊት የቆመው ትልቅ ሰው፣ እጅጌው እስከ ክርኑ በደም የተበከለ፣ ነጩን ደብዳቤና የተዘበራረቀውን ቀይ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ታዲያ ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁንም?» አለ።

ማክተልድ ናት የመለሰችው። «እኔ አውቅ ነበር» አለች። «ፈርቼ ነው።»

ሰውዬው ባርኔጣውን ሊያወልቅ እጁን አነሣ፤ እጁን አየና መልሶ አወረደው። ወረዱ።

መዝጊያውን የሰበሩት አልተከሰሱም፤ ብዙ ነበሩና፣ ከተማዋም ጠላት በደጇ ሳለ ሕዝቧን ልትቀጣ አልደፈረችም። ተር ፌንና ስሎይተር ግን በነሐሴ በዚያው የዳኞች ጉባኤ ፊት ቆሙ። ማክተልድ ዲርክስ ሁለት ጣቷን አንሥታ መሰከረች፤ ዝም ያለችባቸውን ሦስት ቅዳሜዎችም ሳታስቀር ተናገረች። ሄይስበርት ተር ፌን በሐሰት ክስ ሰው በማስገደል ጥፋተኛ ሆኖ፣ ለአርናውት በተሠራው መድረክ ላይ እርሱ አንገቱን በሰይፍ ተቆረጠ፤ በምክር ቤቱ መዝገብ ያለው ስሙም ተሰረዘ። ሃርመን ስሎይተር በሐሰት በመማል ጥፋተኛ ሆነ። በማግስቱ ረፋድ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ቀዩ የነካው ጨርቅ በአንገቱ ታሰረ፤ የቀኝ እጁ ሁለቱ የመሐላ ጣቶች፣ ብሩሽ የሚይዝባቸው፣ በግንዱ ላይ ተቆረጡ፤ ከዚያም ተገርፎ በጀልባ ከከተማዋ ወሰን ወጣ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዳይመለስም ተፈረደበት።